የቆመ ሪአክተር ምን ያህል ቆሟል? የሪአክቲቪቲ ስሌት መንገዶች ሲወዳደሩ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለሚሠራ የኒውክሌር ሪአክተር አይደለም። ስለቆመ ሪአክተር ነው። ኒውትሮን የሚውጡት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ገብተዋል፣ ኃይሉ ወርዷል፣ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው ሩጫ ቀንሷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለእኔ ከባዱ ጥያቄ የሚጀምረው ግን እዚህ ነው። ጠፍቷል ስንል ምን ያህል ጠፍቷል? ተመልሶ ለመነሳትስ ምን ያህል ይቀረዋል?

ይህን ርቀት የምንናገርበት ቁጥር ሪአክቲቪቲ ይባላል። መነሻው ቀላል ነው። አንድ ኒውትሮን የነዳጁን አቶም ሲሰነጥቅ አዳዲስ ኒውትሮኖች ይወጣሉ፣ እነሱም ሌሎችን ይሰነጥቃሉ፤ ሰንሰለት የምንለው ይህን ነው። በአንድ ትውልድ 1000 ኒውትሮኖች ኖረው በሚቀጥለው ትውልድ 950 ብቻ ከተወለዱ፣ የብዜት ቁጥሩ 0.95 ነው። ይህን ቁጥር ኬ እንለዋለን። ኬ ልክ 1 ሲሆን ሪአክተሩ ክሪቲካል ነው፣ ሰንሰለቱ ራሱን ችሎ ይቀጥላል። ከ1 በታች ከሆነ ሰንሰለቱ በራሱ እየሞተ ይሄዳል። ሪአክቲቪቲ ደግሞ ከኬ ላይ 1 ቀንሰን ውጤቱን ለኬ ስናካፍል የምናገኘው ነው። ለ0.95 ሲሰላ ከዜሮ በታች 0.0526 ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በኋላ በጣም ስለምንፈልገው። ዩራኒየም 235 በቀርፋፋ ኒውትሮን ሲሰነጠቅ ከሚወጡት ኒውትሮኖች 0.65 በመቶ ያህሉ ወዲያው አይወጡም። ከሰከንድ ክፍልፋይ እስከ ደቂቃ ዘግይተው ነው የሚመጡት። የእነዚህን ድርሻ ቤታ እንለዋለን። ሪአክቲቪቲን ለቤታ ስናካፍለው ውጤቱ በዶላር ይነገራል። አዎ፣ የሙያው ሰዎች ዶላር ነው የሚሉት። የቅድሙ 0.0526 ለ0.0065 ሲካፈል 8 ዶላር ገደማ ነው። ሪአክተሩ በጣም ርቆ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ጥልቅ ጥፋት የምለው ይህን ነው።

የቆመ ሪአክተር ደግሞ ባለበት አይቀመጥም። ከስንጥቀት የሚመጣውና ኒውትሮን የሚበላው ዜኖን 135 ሪአክተሩ ከቆመ በኋላ መጠራቀሙን ይቀጥላል፤ ከ10 ሰዓታት ገደማ በኋላ ጣራው ላይ ይደርስና ከዚያ እየፈረሰ ያልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሪአክተሩ ጠለቅ ብሎ የጠፋ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ግን፣ ማንም ምንም ሳይነካው፣ ወደ ክሪቲካል ተጠግቶ ይገኛል። ውሃው ሲቀዘቅዝም እንደዚሁ ሪአክቲቪቲ ይጨምራል። በውሃው ውስጥ የሟሟው፣ ኒውትሮን የሚበላው ቦሮን ሳይታወቅ ከቀጠነም ያው ነው። ርቀቱ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ አንዴ ለክቶ መተው አያዋጣም።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1961 በአሜሪካ አይዳሆ ኤስኤል-1 የሚባል ትንሽ ወታደራዊ ሪአክተር ለበዓል ተዘግቶ ቆይቶ እንደገና ሊነሳ ዝግጅት ላይ ነበር። መሀል ላይ ያለውን የመቆጣጠሪያ ዘንግ ከማንሻው ጋር ለማገናኘት በእጅ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። 50 ሴንቲሜትር ያህል ወጣ። በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ለ3 ሜጋዋት የተሠራው ሪአክተር ወደ 20 ሺህ ሜጋዋት ዘለለ። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ያ ሪአክተር ከቀናት በፊት የቆመ ነበር፤ በአንድ ዘንግ ብቻ ግን ክሪቲካል መሆን የሚችል ነበር። በላዩ ላይ ኒውትሮን እንዲውጡ የተገጠሙት የቦሮን ሰሌዳዎች እየተበሉ ስለነበር ርቀቱ ከታሰበው ጠቦ ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በጁን 1999 ጃፓን ውስጥ ሺካ በሚባለው ጣቢያ፣ ለፍተሻ በቆመው አንደኛው ሪአክተር ላይ ሦስት ዘንጎች ሸርተት ብለው ወጡ። ሪአክተሩ ለ15 ደቂቃ ያህል ክሪቲካል ሆኖ ቆየ። የሞተ የለም። ጉዳዩ ግን ተደብቆ ኖሮ ይፋ የሆነው በ2007 ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመደበቁ ነገር ብቻ አይደለም። ቆሟል የሚለው ቃል በራሱ ምንም ዋስትና አለመሆኑም ነው።

እሺ፣ ወደ ስሌቱ እንግባ። በቆመ ሪአክተር ውስጥ ሰንሰለቱ የሚሞት ከሆነ ኒውትሮን ለምን ጨርሶ አይጠፋም? ምንጭ ስላለ ነው። በተቃጠለ ነዳጅ ውስጥ ኪዩሪየም 242 እና 244 በራሳቸው ይሰነጠቃሉ። አዲስ ነዳጅ ብቻ ካለ ደግሞ እንደ ካሊፎርኒየም 252 ያለ ምንጭ ሆን ተብሎ ይገባል። እያንዳንዱ የምንጭ ኒውትሮን አጭር ሰንሰለት ይጀምራል፣ ሰንሰለቱ ይሞታል፣ ሌላው ይተካል። ከ1 ላይ ኬን ቀንሰን በሚቀረው ቁጥር 1ን ስናካፍል የምናገኘውን ያህል ምንጩ በድምሩ ይባዛል። ኬ 0.95 ሲሆን 20 እጥፍ፣ 0.98 ሲሆን 50 እጥፍ፣ 0.99 ሲሆን 100 እጥፍ።

የመጀመሪያው መንገድ ከዚህ ይወጣል። ዲቴክተሩ፣ ማለትም ኒውትሮን ቆጣሪው መሣሪያ፣ የሚቆጥረውን ወስደህ ትገለብጠዋለህ፤ 1ን ለቆጠራው ታካፍላለህ ማለት ነው። ቆጠራው ወደ ሰማይ በሄደ ቁጥር ግልባጩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ዜሮ የሚነካበት ቦታ ክሪቲካል ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1942 ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን ሪአክተር ሲያስነሱ የተከተሉት ይህንኑ ሐሳብ ነው። ዘንጉን ትንሽ አውጥተው፣ ቆጠራው እስኪረጋ ጠብቀው፣ ቀጣዩን ተንብየው፣ እንደገና ትንሽ አውጥተው። ዛሬም አዲስ ነዳጅ የተጫነ ሪአክተር የሚነሳው በዚሁ አካሄድ ነው።

ከዚህ መንገድ ጋር አንድ ሕግ አለ፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል ሰው ሁሉ በቃሉ ሊይዘው የሚገባ። ቆጠራው እጥፍ ከሆነ ርቀቱ በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። ኬ 0.90 ላይ ዲቴክተሩ በሰከንድ 100 ይቆጥር ነበር እንበል። ወደ 0.95 ስትወጣ 200 ይሆናል። 200 ትንሽ ቁጥር ነው፣ ማንንም አያስደነግጥም። ግን ያንኑ የ0.05 እርምጃ አንዴ ብትደግመው ክሪቲካል ነህ። ቆጠራውን እጥፍ ያደረገውን እርምጃ አትድገም የሚባለው ለዚህ ነው።

የዚህ መንገድ ውበቱ ዘወትር መሥራቱ ነው። ምንም መሣሪያ አትጨምርም፣ ሪአክተሩን አትነካም። ጉድለቱ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ንጽጽር እንጂ ፍጹም ቁጥር አይሰጥም፤ አንድ የታወቀ ነጥብ ከሌለህ ሁለት እጥፍ ቀርቤያለሁ ትላለህ እንጂ የት እንዳለህ አታውቅም። ሁለተኛው ከባዱ ነው። ስሌቱ ሪአክተሩን እንደ አንድ ነጥብ ያየዋል። የምንጩ ቦታ፣ የዲቴክተሩ ቦታ፣ በመካከላቸው ያለው ውሃ ሁሉ የማይለወጥ ቋሚ ነው ብሎ ይነሳል። በጥልቅ የጠፋ ሪአክተር ውስጥ ግን ሰንሰለቶቹ አጭር ስለሆኑ ኒውትሮኑ ከምንጩ ብዙም አይርቅም። ለምንጩ ቅርብ የሆነ ዲቴክተር የሚያየው ምንጩን ራሱን ነው፤ ከምድጃ ሥር ተቀምጦ የቤቱን ሙቀት እንደመለካት ነው። ሩቅ ያለው ደግሞ ምንም አያይም ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ የኃይል ጣቢያ ላይ የሆነውን እዩ። ዘንጎቹ ገብተዋል፣ ሪአክተሩ ቆሟል፤ የኒውትሮን ቆጠራው ግን ወደ ላይ ወጣ። ኦፕሬተሮቹ ሪአክተሩ ሊነሳብን ነው ብለው ሰጉና ቦሮን ጨመሩ። በኋላ ሲጠና ቆጠራውን ያስነሳው ሪአክቲቪቲ አልነበረም። ዲቴክተሮቹ ነዳጁን ከያዘው ጋን ውጭ ናቸው። በመካከል ኒውትሮን ይከልል የነበረው ውሃ በእንፋሎት ተተካና ብዙ ኒውትሮን አልፎ ደረሰባቸው። ጥንቃቄያቸው ትክክል ነበር፤ ቦሮን መጨመር በዚያ ሰዓት ማንም የማይጸጸትበት ነገር ነው። ትርጉሙ ግን የተለየ ነበር። ያ ቆጠራ የሚናገረው ውሃው እየጎደለ ስለመሆኑ ነበር።

ቀጥሎ በድንገተኛ ለውጥ የሚሠሩ መንገዶች አሉ። ዘንግ መጣል አንዱ ነው። ሪአክተሩ ክሪቲካል ሆኖ በዝቅተኛ ኃይል ሲሠራ ዘንጉን ትለቀዋለህ። ቆጠራው ወዲያው ዘጭ ይላል፣ ከዚያ በዝግታ ይወርዳል። ፈጣኑ መውረድ የወዲያው ኒውትሮኖች ነው፣ ዝግታው የዘገዩት። ቆጠራው ከ1000 ወደ 200 ወርዶ ዝግታው ከጀመረ፣ 1000 ለ200 ሲካፈል 5 ነው፣ 1 ሲቀነስ 4። የዘንጉ ዋጋ 4 ዶላር ነው። በጣም የሚያምር ስሌት ነው። ግን ዘንጉ ሲወድቅ በአጠገቡ ያለውን የኒውትሮን ስርጭት ያጎድለዋል፤ ለዘንጉ ቅርብ የሆነ ዲቴክተር ውጤቱን አጋንኖ ያያል፣ ሩቅ ያለው አሳንሶ። ደግሞም መነሻው ክሪቲካል መሆን አለበት። ቀድሞውኑ ለቆመ ሪአክተር ብዙ አይጠቅምም።

የዚህ ዘመድ የሆነው ግልብጥ ኪኔቲክስ ነው። በየቅጽበቱ የሚመጣውን ቆጠራ ወስደህ የሪአክተሩን እኩልታ ወደኋላ ትፈታዋለህ፣ ሪአክቲቪቲው በቀጥታ ስክሪን ላይ ይወጣል። ወደ ክሪቲካል ቅርብ ሲሆን ግሩም ነው። ስትጠልቅ ግን እኩልታው ውስጥ ያለው የምንጭ መጠን ሁሉንም ይቆጣጠራል። ምንጩን ካላወቅከው ወይም ዜሮ ነው ብለህ ካለፍከው፣ ስክሪኑ የሚያሳየው ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ የሚሳብ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ይሄ አደገኛ የሆነው መስመሩ ለስላሳና የሚታመን ስለሚመስል ነው።

ምንጭ መንጠቅም አለ። ሪአክተሩ ጠፍቶ ምንጩ ውስጥ ሳለ ትቆጥራለህ፣ ምንጩን በቅጽበት ታወጣለህ፣ የቀረውን ትቆጥራለህ። ስሌቱ እንደ ዘንጉ ነው፤ 9 ለ1 ከወረደ 8 ዶላር ነው። ጥሩነቱ የጠፋውን ሪአክተር እንደጠፋ መለካቱ ነው። ክፋቱ ግን የቀረው ቆጠራ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። ኪዩሪየም በነዳጁ ውስጥ ተበትኖ ካለ ደግሞ ነገሩ አይሆንም፤ ያን ምንጭ ማንም ሊነጥቅ አይችልም።

አሁን ወደምወደው መንገድ ልምጣ። ስዊድናዊው ሾስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ያቀረበው ነው፣ የስፋት ዘዴ ይባላል። የኒውትሮን ጀነሬተር አምጥተህ በየጊዜው አጭር የኒውትሮን ምት ትልካለህ፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቆጠራው ሾጣጣ ተራራ ይሠራና ይወርዳል። ከሥሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ወለል አለ፤ እሱ የዘገዩት ኒውትሮኖች ነው። የተራራውን ስፋት ለወለሉ ስፋት ስታካፍል ሪአክቲቪቲው በዶላር ይወጣል። ተራራው የወለሉን 8 እጥፍ ከሆነ 8 ዶላር ነው። የምንጩን ጥንካሬ ማወቅ አያስፈልግም። የዲቴክተሩን ብቃት ማወቅም አያስፈልግም። ክሪቲካል የሆነ መነሻም አትፈልግም። ለጥልቅ ጥፋት ፍጹም ቁጥር ከሚሰጡት መካከል ይህን ያህል ቀላል ስሌት ያለው ሌላ አላውቅም።

ከዚሁ ልኬት ሌላ ቁጥርም ይወጣል፤ ተራራው የሚወርድበት ፍጥነት። በኒውትሮን ትውልድ መካከል ያለው ጊዜ 30 ማይክሮሰከንድ ነው ብለን እንውሰድ። ክሪቲካል ላይ የወዲያው ኒውትሮኖች የመውረጃ ጊዜ 4.6 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ ኬ 0.95 ላይ ግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ። ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ግን ወደ ሪአክቲቪቲ ለመቀየር የትውልዱን ጊዜ ከስሌት ማምጣት አለብህ፣ እሱ ደግሞ ራሱ ከሪአክተሩ ሁኔታ ጋር ይለዋወጣል። ጥልቅ ሲሆን መውረጃው አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆኑም ይቀራል። ከየት እስከ የት ቀጥ ብሏል የሚለውን የምትወስነው አንተ ነህ፣ ውጤቱም ከውሳኔህ ጋር ይዞራል።

የስፋት ዘዴም ቢሆን ከቦታ ነፃ አይደለም። ፈረንሳይ ካዳራሽ ላይ በማዙርካ ሪአክተር፣ ቤልጂየም ሞል ላይ በቬነስ-ኤፍ፣ ቤላሩስ ውስጥ ደግሞ በያሊና የተደረጉት ሙከራዎች ይህን አሳይተዋል። አንድ ሪአክተር፣ አንድ ሁኔታ፣ አንድ ቀን፤ ዲቴክተሮቹ ግን የተለያየ ሪአክቲቪቲ ይናገራሉ። ልዩነቱ የሚጠበው በስሌት የተገኘ የቦታ ማስተካከያ ሲጨመር ነው።

ጀነሬተር ከሌለስ? ጩኸቱን ማዳመጥ ይቻላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሰንሰለት ያልመጡ ኒውትሮኖችን በትንንሽ የጊዜ ክፍተቶች ብትቆጥር፣ የቆጠራው ቫሪያንስ፣ ማለትም የመለዋወጡ መጠን፣ ከአማካዩ ጋር እኩል ይሆናል። ኒውትሮኖቹ ከአንድ ሰንሰለት የተወለዱ ወንድማማቾች ከሆኑ ግን ተያይዘው ነው የሚመጡት፤ ቫሪያንሱ ከአማካዩ ይበልጣል። ያ ብልጫ የሰንሰለቱን ርዝመት ይነግርሃል። ሪቻርድ ፋይንማን ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ስለሆነ የፋይንማን-አልፋ ዘዴ ይባላል። በብሩኖ ሮሲ ስም የሚጠራው ዘመዱ ደግሞ አንድ ኒውትሮን ከተቆጠረ በኋላ ሌላው በስንት ጊዜ ተከትሎት እንደሚመጣ ያያል። ሪአክተሩን ሳይነኩ፣ ምንም ሳይጨምሩ፣ ዝም ብሎ በመቁጠር ብቻ። ሐሳቡ ድንቅ ነው።

ጥልቅ ላይ ግን ጉልበቱ ያልቃል። ብልጫው ከ1 ዶላር ወደ 8 ዶላር ጥልቀት ስትወርድ 20 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሰንሰለቶቹ ያጥራሉ፣ ወንድማማቾች ያንሳሉ። ዲቴክተሩ አንዱን ከቆጠረ በኋላ ሌላ መቁጠር የማይችልበት አጭር ጊዜም ያጎድልበታል። በተቃጠለ ነዳጅ ላይ ምንጩ ራሱ በስንጥቀት ነው ኒውትሮን የሚያወጣው፣ ስለዚህ ምንጩም የራሱን ወንድማማቾች ይዞ ይመጣል፤ ያን ሳትለይ ብታሰላ ሪአክተሩን ከእውነቱ ይልቅ ለክሪቲካል የቀረበ አድርገህ ታየዋለህ።

በመጨረሻ ንጹሕ ስሌት አለ። ሞንቴ ካርሎ ፕሮግራም፣ እንደ ኤምሲኤንፒ ወይም ሰርፐንት ያለ፣ ሚሊዮኖች ኒውትሮኖችን አንድ በአንድ ይከተልና ኬን በ10 ፒሲኤም ስሕተት ይሰጥሃል። ፒሲኤም ማለት ከመቶ ሺህ አንድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች ይሸወዳሉ። 10 ፒሲኤም የስታቲስቲክሱ ስሕተት ብቻ ነው። የኒውክሌር መረጃው እርግጠኛ አለመሆን ብቻውን በውሃ ሪአክተር ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ፒሲኤም ያመጣል። የነዳጁ ቃጠሎ፣ የቦሮኑ መጠን፣ የውሃው ሙቀት ገና አልተቆጠሩም። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ኬን ሲያሰላ ምንጭ የሌለበት፣ ሰንሰለቱ በሰው ሠራሽ መንገድ ራሱን የሚችል ሪአክተር ያስባል። ዲቴክተርህ ያለው ደግሞ ምንጭ በሚነዳው እውነተኛ ሪአክተር ውስጥ ነው። ክሪቲካል አጠገብ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጥልቅ ላይ የተለያዩ ስርጭቶች ናቸው።

ሰዎች ሲያወዳድሩ የሚረሱት አንድ ነገር ይህ ነው፦ ልኬቱ በዶላር ይወጣል፣ ስሌቱ በኬ። መካከል ላይ ቤታ አለ። በውሃ ሪአክተር ውስጥ ነዳጁ ሲቃጠል ፕሉቶኒየም ይበዛል፣ የፕሉቶኒየም 239 ቤታ ደግሞ 0.0021 ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የመላው ሪአክተር ቤታ ከ0.007 አካባቢ ተነስቶ በዑደቱ መጨረሻ ወደ 0.005 ይወርዳል። 8 ዶላር በመጀመሪያው ቤታ 5.6 በመቶ ነው፣ በሁለተኛው 4 በመቶ። ሁለት ጥሩ መሐንዲሶች ልኬታቸው አንድ ሆኖ ሊከራከሩ ይችላሉ፣ የተለያየ ቤታ ስለወሰዱ ብቻ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። አንድ ዘዴ ብቻውን የሚሰጠውን ቁጥር ለጥልቅ ጥፋት አልቀበልም። ዘዴዎቹ ሲለያዩ ደግሞ አማካይ መውሰድ ትክክል አይደለም። ሁሉም አንድን ነገር እየለኩ ተሳስተው አይደለም የሚለያዩት፤ አንዱ የምንጩን ቦታ ያያል፣ አንዱ የዲቴክተሩን፣ አንዱ ቤታን። ልዩነታቸው የትኛው ግምት እንደተሰበረ ይጠቁምሃል። ስለዚህ አንዴ ፍጹም ልኬት፣ የስፋት ዘዴ ቢቻል፣ ካልሆነ ክሪቲካል አጠገብ የተገኘ የታወቀ ነጥብ። ከዚያ የቆጠራ ብዜትን ለዕለት ተዕለት ክትትል፣ በስሌት በተገኘ የቦታና የምንጭ ማስተካከያ። ቬነስ-ኤፍ ላይ በአክስለሬተር፣ ማለትም በቅንጣት አፋጣኝ መሣሪያ ጨረር፣ ለሚነዱ ሪአክተሮች የተሞከረውም ይህንኑ ይመስላል። ጨረሩን በአጭሩ አቋርጠው ፍጹሙን ቁጥር ይለካሉ፣ በመካከሉ ደግሞ የጨረሩን ፍሰትና የኒውትሮኑን መጠን እያነጻጸሩ ይከታተላሉ።

ከተሰብሳቢው አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር፣ መልሱን እዚህ ላስገባው። ቅርጹን ጨርሶ ያጣ ሪአክተርስ? በጃፓኑ ፉኩሺማ ጣቢያ ላይ ይህ ነው የገጠመው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 በሁለተኛው ሪአክተር ጋዝ ውስጥ ዜኖን 135 ተገኘ። ግማሽ ዕድሜው 9 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያው ዓመት የመጋቢት አደጋ የተረፈ ሊሆን አይችልም፣ አዲስ ስንጥቀት አለ ማለት ነው። ቦሪክ አሲድ ውሃ ጨመሩ። ዜኖኑ ግን ከዚያ በኋላም አልጠፋም። ሰንሰለት ቢሆን ኖሮ ቦሮኑ ይገድለው ነበር፤ ኪዩሪየም በራሱ ሲሰነጠቅ ግን ቦሮን አያግደውም። መጠኑም ኪዩሪየም ሊሰጥ ከሚችለው ጋር ይስማማ ነበር። እዚያ ማንም ኬን በሦስት አኃዝ አልተናገረም፣ መናገርም አይቻልም፤ የነዳጁ ቅርጽ አይታወቅም፣ ዲቴክተር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። የተጠየቀው ሰንሰለት አለ ወይስ የለም ብቻ ነበር፣ ለዚያ ደግሞ ጋዙ በቂ መልስ ሰጠ።